የጀልባ ሞተር ከመጠን በላይ ይሞቃል፤ ከየት ልጀምር?

የሐይቁ ልጅ (ፒያሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ ባቱ (ዝዋይ) ሐይቅ ላይ ዓሣ የሚያመላልስበት ጀልባ አለው። ሞተሩ 40 የፈረስ ጉልበት፣ ባለሁለት ሲሊንደር፣ ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎ የሚቀዳለት ነው። በዝግታ ሲነዳ ምንም አይለውም። ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት በሙሉ ጉልበት ሲሄድ ግን መንገዱ ሳይጋመስ የማስጠንቀቂያው ድምፅ ይጮኻል፣ ፍጥነቱም ይወርዳል። ነዳጅ ቀንሶ ትንሽ ሲቆይ ዝም ይላል። ከኋላ የምትወጣው ቀጭን የውሃ መስመር አልተቋረጠችም፤ እንደ ድሮው ግን ርቃ አትወረወርም።

አንድ ጋራዥ ገና ሳይከፍተው "ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ተጣሟል" ብሎ ከባድ ዋጋ ጠራ። ወንድሜ አላመነምና ሞተሩን በአይሱዙ ጭኖ ላከልኝ። አሁን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በወዳጄ ቶርኖ ቤት ጣውላ ላይ ተሰቅሏል። እዚህ ሐይቅ የለም። ምን ብዬ ልመርምረው?

የሚኒባስ ሰው፦
ቴርሞስታቱን፣ ያንን ሞተር ሲሞቅ ለውሃው የሚከፈተውን መዝጊያ፣ አውጥተህ ጣለው፣ ትገላገላለህ። እኛ መኪና ላይ እንደዚያ ነው የምናደርገው። ከዚያ በተረፈ ከፍታው ነው፤ አየሩ ስስ ሲሆን ሞተር ይሞቃል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራቶር እዚሁ አስተካክለህ ላክለት።

ሞተሪስታው (ለገሃር)፦
ልጄ፣ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ የእንጀራዬ ምንጭ ይኸው ሥራ ነበርና በትዕግሥት አንብበኝ። በመጀመሪያ፣ ጣውላው ላይ እንደተሰቀለ እንዳታስነሳው። ይህ ሞተር ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ እየሳበ በሚያስገባው ውሃ ነው። ውሃውን የሚገፋው ከማርሽ ቤቱ በላይ የተቀመጠ ባለክንፍ ጎማ ሲሆን ያንን ጎማ የሚያለሰልሰው ራሱ ውሃው ነው። በደረቁ ካሽከረከርከው ሐይቅ ላይ ያልተበላሸውን እዚህ ታበላሸዋለህ።

አፉ የተቆረጠ በርሜል ፈልግ። ፕሮፔለሩን አውጣ፣ እግሩን በርሜሉ ውስጥ ንከር፣ ውሃውም ከፓምፑ በላይ ይድረስ። ከዚያ አስነሳና ያቺን ቀጭን መስመር ተመልከት። ደካማ ከሆነች ሞተሩን አጥፋና መውጫዋን በቀጭን ሽቦ ጥረግ፤ ጭቃ ይደፍናታል፣ ቆሞ የከረመ ሞተር ላይ ነፍሳትም ቤት ይሠሩባታል። ተጠርጋም ካልበረታች ችግሩ ከታች ነው። ከበረታችም አትዘናጋ። እሷ የምትነግርህ ፓምፑ አንድ ነገር እየገፋ መሆኑን ብቻ ነው፤ በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ውሃ በደንብ መዞሩን አትመሰክርም።

ብልሽት ፍለጋ ውሃው በሚሄድበት መንገድ ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ በእግሩ ግራና ቀኝ ያሉት ወንፊቶች። የባቱ ሐይቅ ጥልቀት የለውም፣ ደለሉ ብዙ ነው፣ እምቦጭም ገብቶበታል፤ አንድ ሥር ወንፊቱ ላይ ከተጠመጠመ በዝግታ ሲሄድ የሚበቃው ውሃ በፍጥነት ጊዜ አይበቃም። ቀጥሎ ጎማው። ክንፎቹ ወደ አንድ ጎን ተጣጥፈው ከደረቁ ወይም ከተቆረጡ ለውጥ። ዘንጉ ላይ የሚይዘውን ትንሽ ቁልፍም እይ፤ እሱ ከተቆረጠ ዘንጉ ይዞራል፣ ጎማው ይቆማል። ከሥሩ ያለው የብረት ሳህን ከተቦረቦረም አዲስ ጎማ ብቻውን አያድንህም።

የሚኒባሱ ወዳጄ ስለ ቴርሞስታቱ የጻፈውን አልቀበለውም። ውሃ ጠፍቶ ለሚሞቅ ሞተር ቴርሞስታት መጣል ጩኸቱን ያዘገየው ይሆናል እንጂ ውሃ አይጨምርም፤ ሞተሩም በዝግታ ሲሠራ ከሚገባው በታች ይቀዘቅዛል። ከተጠራጠርህ በክር አንጠልጥለህ ከቴርሞሜትር ጋር ድስት ውስጥ ክተተው። የእንዲህ ያለ ሞተር ቴርሞስታት ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይከፈታል፤ ቁጥሩ ላዩ ላይ ተመትቷል። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የመኪናው ባለ 88 እዚህ ድስት ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም፤ ስንቱ ደህና ቴርሞስታት በዚህ ምክንያት "ሞቷል" ተብሎ እንደተጣለ እግዚአብሔር ይወቀው። ያንተው ግን ይከፈታል። ግንባር ላይ የሚደገነውን የኮሮና ጊዜ ቴርሞሜትር ለዚህ እንዳታመጣው፤ የሰው ትኩሳት እንጂ የብረት ሙቀት አያነብም።

ካርቡራቶሩን እዚህ እንዳታስነካ። አየር ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበት ይቀንሳል፤ ከመጠን በላይ መሞቅ ግን ከዚያ አይመጣም። የሚያሞቀው ተቃራኒው ነው። ለአዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ብለህ ቤንዚኑን ቀንሰህ 1,640 ሜትር አካባቢ ወዳለው ባቱ ብትልከው፣ ቤንዚን አንሶት ፒስተኑ ይነድዳል።

የሐይቁ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ በርሜል ውስጥ አስነሣነው፤ መውጫዋ ተጠርጋም ውሃዋ ደካማ ሆነች። ወንፊቶቹ ንጹሕ ናቸው። ፓምፑን ስንከፍት ከጎማው ሁለት ክንፎች ተቆርጠዋል። አንዱን እዚያው ቤቱ ውስጥ አገኘነው፣ ሌላው የለም። አዲስ ጎማ ገጥሜ ልላከው?

ሞተሪስታው፦
አትላከው። የጠፋው ክንፍ ሐይቅ ገብቶ አይደለም፤ ውሃው ገፍቶ ወደ ላይ ወስዶታል። የመዳብ ቱቦውን በአየር ንፋ፣ ከዚያ የቴርሞስታቱን ክዳን ፍታ። ብዙ ጊዜ እዚያ ተቀርቅሮ ይገኛል። እሱን ትተህ አዲስ ጎማ ብትገጥም ወንድምህ እዚያው ቱሉ ጉዶ መንገድ ላይ እንደገና ይጮኽበታል።

ስትገጥም ጎማውን በጥቂት ግራሶ አስነካ፣ ዘንጉን ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ እያዞርህ ቤቱን ወደ ታች ግፋ፤ ክንፎቹ በትክክለኛው ጎን ይተኛሉ። የመዳብ ቱቦው ጫፍ ፓምፑ ላይ ካለው የጎማ ቀለበት ውስጥ መግባቱን በእጅህ አረጋግጥ። ውሃ እንዳያፈስ መሃል የሚገባውን ጋርኒስዮን አዲስ አድርገው። ቴስታታውን ግን የምትነካው ውሃው በደንብ እየዞረ ሞተሩ አሁንም ከሞቀ ነው፤ ያኔ ካንዴላዎቹን አውጥተህ ውሃ የነካው እንዳለ እይ፣ የሁለቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ለካና ጻፍልኝ።

የሐይቁ ልጅ፦
ተገኘ፤ ቴርሞስታቱ ሥር ነበር። ለጎማው ነገ ጠዋት ሶማሌ ተራ እሄዳለሁ።

ሞተሪስታው፦
አሮጌውን ይዘህ ሂድ። ዲያሜትሩን፣ የክንፉን ቁመትና የቁልፉን ቦታ አስተያይ፤ "ይሄም ይሆናል" ካሉህ ተመለስ።