ስሜን ተራሮች ላይ የበረዶ ግግር አለ ወይ?

ጠያቂ (አዘዞ፣ ጎንደር)፦
ጤና ይስጥልኝ። በክረምት ከደባርቅ በኩል የሚመጡ ሰዎች ቧሂትና ራስ ደጀን ነጭ ለብሰው እንዳዩ ይነግሩናል። የሰፈራችን ተማሪዎችም ይህን ይዘው፣ እንደ ኪሊማንጃሮ ያለ ዘላቂ የበረዶ ግግር በስሜን እንዳለና ተከዜም ከእሱ እንደሚሞላ ይከራከራሉ። አካባቢውን የምታውቁ ብታስረዱን?

መልስ (ደባርቅ)፦
ወንድሜ፣ ዛሬ በስሜን ግግር የለም። የሚያዩት ነጭ ነገር ሌሊት የወረደ በረዶ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ይሟሟል። ግግር የሚፈጠረው የዘንድሮው በረዶ ሳይቀልጥ የከርሞው ሲደረብበት፣ ተጠቅጥቆ ድፍን ሲሆንና በገዛ ክብደቱ ቁልቁል መንሸራተት ሲጀምር ነው። ራስ ደጀን 4,550 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በአፍሪካ ግግር የቀረላቸው ኪሊማንጃሮ (5,895)፣ የኬንያ ተራራና ርዌንዞሪ ግን ሁሉም ከ5,000 ሜትር ያልፋሉ። እነሱም እያለቀባቸው ነው፤ ኪሊማንጃሮ እ.ኤ.አ. በ1912 ከነበረው ግግር ከአራት እጅ ሦስቱን በላይ አጥቷል።

መልስ (ማራኪ፣ ጎንደር)፦
ትክክል ነው፤ ሆኖም ተማሪዎቹ ከነጭራሹ አልተሳሳቱም። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን በስሜን ከፍታዎች ግግር ነበር፤ ከቧሂት አናት ሥር ባሉ ሸለቆዎች እየገፋ አምጥቶ የተወው የድንጋይና የአፈር ቁልል ዛሬም ይታያል። ወንዝ ድንጋይን አለስልሶ በየመጠኑ ይለየዋል፤ በዚህ ቁልል ውስጥ ግን ትልቅ ቋጥኝ፣ ጠርዙ ያልደነዘዘ ጠጠርና ደቃቅ አፈር አንድ ላይ ተደባልቀዋል፤ ያመጣው ወንዝ ሳይሆን ግግር መሆኑ በዚህ ይታወቃል። ውርጩም ሥራውን አላቆመም። በበጋ ማለዳ ጅብራ (ረጅሙ የውርጭ አገር ተክል) በሚበቅልበት ሜዳ ጎንበስ ብሎ ላየ ሰው፣ ቀጫጭን የበረዶ መርፌዎች እርጥቡን አፈር ወደ ላይ አንሥተውት ያገኛል፤ ረፋድ ላይ ሲቀልጡ አፈሩ ተፈርፍሮ ይቀራል፣ ዳገት ከሆነም ይንሸራተታል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ በበጋ የሚወርደው ውኃ ከየት ይመጣል?

መልስ (ደባርቅ)፦
ከክረምቱ ዝናብ ነው። ተከዜ ራሱ ከላስታ ይነሣል፤ የስሜን ወንዞች ይገቡበታል። ዝናቡን ይዞ ቀስ በቀስ ለምንጮቹ የሚለቀው ጓሳው (የደጋው ሣር)፣ አስታው (የደጋው ቁጥቋጦ) እና ከሥራቸው ያለው ጥቁር አፈር ነው። ከብት ጓሳውን ግጦ ሲያራቁተው ያ በውርጭ የተፈረፈረ አፈር በመጀመሪያው ዶፍ ታጥቦ ይሄዳል፣ ምንጩም ከፋሲካ በፊት ይደርቃል። ተማሪዎቹ ለተከዜ የሚቆረቆሩ ከሆነ ስለ ጓሳው ይጠይቁ፤ ደባርቅ ቢመጡ ቦታውን ወስጄ አሳያቸዋለሁ።