ብዙ ዝርያ ያለው ቫይረስ ሞዴል፦ ምድቡ በዛብኝ

ጠያቂ፣ ባህር ዳር፦
ሰላም ናችሁ? ሒሳብ ነው የማጠናው፣ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌ ላይ ነኝ። እየተለዋወጠ ስለሚሄድ ኢንፍሉዌንዛ ሞዴል እየሰራሁ ሰውን ሁሉ ከዚህ በፊት በየትኞቹ ዝርያዎች እንደተያዘ እየለየሁ እመድባለሁ። እያንዳንዱ ዝርያ ወይ ይዞታል ወይ አልያዘውም፣ ስለዚህ ለ3 ዝርያ 8 ምድብ ነው፣ ደስ ይላል። ለ10 ግን 1,024፣ ለ20 ደግሞ 1,048,576 ሆነ፣ ያውም አሁን የታመሙትን ሳልቆጥር። ላፕቶፔ ሌሊቱን ሲያጉረመርም አደረና ንጋት ላይ መብራት ሄደ። አለቀልኝ። ምን ይሻላል?

መልስ፣ የፔዳ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ታሪኩን ተወው። ምን ይዞት እንደነበር ሳይሆን አሁን ምን ሊይዘው እንደሚችል ብቻ ጠይቅ። ተመራማሪዎቹ ጁሊያ ጎግና ብራያን ግሬንፌል እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ይህንን ነው። ለአንድ ዝርያ ሁለት እኩልታ ብቻ፦ ለሱ የተጋለጠው ሕዝብና በሱ የታመመው። ለ20 ዝርያ 40፣ በቃ። በነጻ ግን አይደለም። አንዱ ዝርያ ለሌላው የሚሰጠው መከላከያ ከፊሉን ሰው ሙሉ በሙሉ ይጠብቃል፣ ሌላውን ምንም አይጠቅመውም ብለህ ትገምታለህ። ቀድሞ መከላከያ ያለው ሰውም ቫይረሱ እንደገና ሲያገኘው ለሌላ ባያስተላልፍም ለተቀራራቢ ዝርያዎች መከላከያ ሊያገኝ ይችላል ትላለህ።

ጠያቂ፦
ሞከርኩት፣ በጣም ይፈጥናል። ግን የተጋላጮቹን ድርሻ ስደምር 1.7 መጣ። ከ1 መብለጥ የለበትም አይደል? የት ጋ ነው የሳትኩት?

የፔዳ ልጅ፦
አልሳትክም፣ አትደምረው። ሐይቁ ዳር አሳ ቤት 40 ሰው ተቀምጧል እንበል። ቆሮሶ የሚበላ እጁን ያውጣ ስትል 35 ያወጣል፣ አምባዛ ስትል 20። 55 ሰው አለ ማለት ነው እንዴ? አንዱ ሰው ሁለቴ አወጣ እንጂ። ያንተም ተጋላጮች እንደዚያው ናቸው።

ሌላ መልስ፦
ይሄ ለሁሉም ቫይረስ አይሆንም። በትንኝ የሚተላለፈው ዴንጊ ቢሆን ኖሮ ታሪኩን አትጥለው ነበር የምልህ፣ ምክንያቱም አንዴ በአንዱ ዓይነት የተያዘ ሰው በኋላ በሌላው ሲያዝ ሕመሙ ሊጠናበት ይችላል፣ ያንን የምታውቀው ደግሞ ከታሪኩ ነው። እዚያ ዓይነቱ 4፣ ምድቡ 16 ብቻ ስለሆነ ማቅለሉም አያስፈልግም። ላንተ ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ፦ 20ዎቹ በእርግጥ 20 ናቸው? እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የኤች3ኤን2 (አንዱ የኢንፍሉዌንዛ ዓይነት) ካርታ ከ1968 እስከ 2003 የተሰበሰቡትን ቫይረሶች ሰውነት በሚለያቸው መጠን ሲያስቀምጣቸው 11 ክምችት ሆነው ነው የተገኙት። ተቀራራቢዎቹን አንድ አድርጋቸው። ከዚያ በ3 ዝርያ ብቻ ሙሉውንም ቀላሉንም ሞዴል ጎን ለጎን አሂዳቸው፣ ግምቱ ስንት እንዳራቀህ ታያለህ።

ጠያቂ፦
20 ያሉት አማካሪዬ ናቸው፣ እስቲ እጠይቃቸዋለሁ። የ3ቱን ዛሬ ማታ አስኬደዋለሁ፣ መብራት ካለ።