ላፕቶፕ በአንድ ቻርጅ ስንት ሰዓት ይሠራል? ስሌቱን የምታውቁ እርዱኝ

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን እየጻፍኩ ነው፣ ሰፈራችን ደግሞ መብራት ሳይታሰብ ይጠፋል። ላፕቶፔ ስንት ሰዓት እንደሚያቆየኝ ቀድሜ ማወቅ ፈለግኩ። ባትሪው ላይ 11.4 ቮልት፣ 3500 ሚሊአምፒር ሰዓት ይላል። ቻርጀሩ ላይ ደግሞ 65 ዋት። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቀሪ ሰዓት አንዴ 4 ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ 2 ይሆናል። የቱን ልመን?

መልስ፦ እህቴ፣ የቻርጀሩን 65 ዋት ተዪው። እሱ ቻርጀሩ ቢበዛ መስጠት የሚችለው ነው እንጂ ላፕቶፕሽ የሚበላው አይደለም። 3500 ሚሊአምፒር ሰዓት ማለት 3.5 አምፒር ሰዓት ነው፤ 11.4ን በ3.5 አባዢው፣ ወደ 40 ዋት ሰዓት ይመጣል። ይሄን ላፕቶፑ ለሚፈጀው ዋት አካፍዪ። ጽሑፍ ብቻ እየጻፍሽ፣ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሰሽ 10 ዋት ገደማ ከፈጀ 4 ሰዓት ነው። ዙም ከገባሽ ፍጆታው በቀላሉ እጥፍ ይሆናል። ቀሪ ሰዓቱ የሚዘለውም ለዚህ ነው፤ በዚያች ሰዓት በምትጠቀሚው ልክ ነው የሚገምተው።

ሌላ መልስ፦ ልክ ነው፣ ግን 40ው ባትሪው አዲስ እያለ የነበረው ነው! ዊንዶውስ ከሆነ የባትሪ ሪፖርት አውጪና ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ (ባትሪው አሁን ሲሞላ የሚይዘው) የሚለውን እዪ። 28,000 ሚሊዋት ሰዓት ካለ በእጅሽ ያለው 28 ዋት ሰዓት ነው፣ 4 ሰዓት የተባለው ከ3 በታች ይወርዳል። ዜሮ ሳይደርስም ስለሚዘጋ 2 ሰዓት ተኩል ያዢ። ከሁሉም የማምነው ግን መለካትን ነው። ቻርጀሩን ንቀዪና እንደ ወትሮሽ ሥሪ፣ በአንድ ሰዓት ከ90 ወደ 60 ፐርሰንት ከወረደ በሰዓት 30 እየበላ ነው ማለት ነው፣ ከዚያ ቀሪውን ራስሽ ታሰይዋለሽ።

ጠያቂ፦ በጣም አመሰግናለሁ! 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ ብገዛስ?

መልስ፦ እሱ ቁጥር በ3.7 ቮልት የተጻፈ ነው፣ ስለዚህ 74 ዋት ሰዓት ነው። ቮልቱ ከፍ ሲል የሚባክን ስላለ 60 ያዢ። በ10 ዋት ከሠራሽ 6 ሰዓት ይጨምርልሻል። ግን ከመግዛትሽ በፊት ላፕቶፕሽ በታይፕ ሲ ቻርጅ የሚያደርግ መሆኑን አረጋግጪ፣ ፓወር ባንኩም ፒዲ (በታይፕ ሲ ከፍ ያለ ኃይል የሚሰጥ የቻርጅ ዘዴ) ያለው፣ 45 ዋት ወይም ከዚያ በላይ የሚሰጥ ይሁን። ለስልክ ብቻ የተሠራው ላፕቶፕ አያነሳም። መብራት እንደጠፋም ወዲያው ሰኪው፤ የላፕቶፑ ባትሪ ካለቀ በኋላ ከሰካሽው መጀመሪያ ባትሪውን ሲሞላ፣ ከዚያ ከባትሪው ሲወጣ ሁለቴ ይባክናል።