ጎታው ከሥር ርሷል፣ እናቴ አልወጣም አለች፤ ምን ላድርግ?

የአራዳዋ (ጠያቂ)፦ ቶሎ መልሱልኝ እባካችሁ። ውሃ ቤት ገብቷል። ጎታው ከሥር ርሶ ጤፉ መፍሰስ ጀምሯል። ምን ይሻላል? ዛሬ መኪና ይሄዳል? እኔ ጎንደር ነኝ።

ሹፌር ዘአዘዞ፦ ወንድሜ፣ ቦታውን ሳትነግረን መኪና ይሄዳል ወይ ትላለህ? ወዴት?

የአራዳዋ፦ ይቅርታ። እህትህ ነኝ። ደምቢያ ነው፣ ከቆላ ድባ በታች ወደ ጣና። መገጭ ወንዝ ሞልቶ ነው። ከቡሄ ማግስት ጀምሮ ሲጨምር ነበር፣ ዛሬ ሌሊት ደፉን አልፎ ገባ። እናቴ ብቻዋን ናት። ጎረቤቶቿ ትናንት ወጥተዋል።

ፀሐይ ልጅ፦ ጤፉን አውጥታ ፀሐይ ላይ ታስጣው።

የአራዳዋ፦ አራት ቀን ሙሉ ፀሐይ አላየንም እኮ!

አቶ ምሁር፦ በመጀመሪያ ይህ ጎርፍ አይባልም፤ ሙላት ነው። ልዩነት አለው። በ1998 ክረምት ድሬዳዋን በሌሊት የመታት ደራሽ ውሃ ነበር፤ መጣ፣ ጠራርጎ ሄደ። በዚያው ክረምት ፎገራንና ደምቢያን የዋጠው ግን ቀስ ብሎ የመጣ ነው። ጣናን አስቡት። መገጭ፣ ርብ፣ ጉማራ፣ ግልገል አባይ፣ ሁሉም ይገቡበታል። በተፈጥሮ የሚወጣው ግን በአንድ አባይ ብቻ ነው። ሐይቁ ከፍ ሲል ወንዙ መግቢያ ያጣና ሜዳው ላይ ይተኛል። ከላይ ከተራራው የሚመጣው ደለል ደግሞ የወንዙን ሆድ ሞልቶታል። ዳር ድረስ ስናርስ፣ ዛፉን ስንቆርጥ...

ቀልደኛው፦ ጋሼ፣ ሴትዮዋ ውሃ ውስጥ ቆማለች፣ እርስዎ ትምህርት ላይ ነዎት።

አቶ ምሁር፦ ምክንያቱን ሳያውቁ መፍትሔ የለም።

እውነት ተናጋሪ፦ እኔ የማይገባኝ፣ በየዓመቱ ውሃ የሚገባበት ቦታ ላይ ለምን ይኖራል? አስቀድመሽ ጎንደር አታመጪያትም ነበር?

የደምቢያ ልጅ፦ አንተ የምትበላው ሽምብራ ከየት የሚመጣ ይመስልሃል? ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ነው ሽምብራውም ጓያውም የሚዘራው። ያ ዋልካ፣ ጥቁሩ ጭቃ አፈር፣ ከወርቅ ይበልጣል። የተወለደችበትን ሜዳ ትታ አራዳ ፎቅ ላይ ምን ትሠራለች?

የአራዳዋ፣ አንቺ ወደ ቁም ነገሩ ነይ። ጎታ የጭቃና የጭድ ሥራ ነው። ከሥሩ ሲርስ ይለሰልስና ድንገት በጎኑ ይተረተራል። እናትሽ ከሥር በኩል እንዳትከፍተው። መጀመሪያ ወገቡን በገመድ ጠምጥማ ትሰረው። ከዚያ ከላይ በቅል እየቀዳች በማዳበሪያ ትሙላና ቆጥ ላይ ትስቀለው። መጨረሻ ላይ አንድ ክንድ ያህል ሲቀር ታቁም። የረጠበው እሱ ነው። ከደረቁ ጋር ከተቀላቀለ ሁሉንም ያሻግተዋል።

ቀልደኛው፦ ገብስ ቢሆን ኖሮ ብቅል ሆኖ ያርፍ ነበር። ለእንቁጣጣሽ ጠላው ደርሶ ነበር።

ነርሷ፦ ቀልድህን ያዝ፣ ግን የሚያምንህ ሰው ይኖራል። ያ ውሃ የመንደሩን ሽንት ቤት ሁሉ አጥቦ ነው የመጣው። የነካው እህል ለብቅል አይሆንም። የሻገተውን ደግሞ ለከብትም አትስጡ፣ መርዙ በወተት ተመልሶ ወደ ሰው ይመጣል። ከጉድጓድ የሚቀዳ ውሃ በደንብ ይፍላ፣ ካልሆነ ውሃ አጋር የሚባለው የውሃ ማከሚያ ይጨመርበት። አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) የሚነሳው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ውሃው ሲተኛ ወባው ይከተላልና አጎበሩ እንዳይረሳ።

ፀሐይ ልጅ፦ ቀጭን አድርጋ ካሰጣችው በአንድ ቀን ይደርቃል።

ሹፌር ዘአዘዞ፦ አንተ ሰውዬ ፀሐይዋን ከየት ታመጣታለህ? እህቴ፣ ጠዋት እስከ ቆላ ድባ ሚኒባስ ደርሶ ተመልሷል። ከዚያ በታች ዋልካ ነው፣ ባጃጅም አይሞክረውም። ጫማሽን በእጅሽ ይዘሽ፣ ዱላ ይዘሽ ነው የምትሄጂው። ውሃው ጉልበትሽ ደርሶ የሚሮጥ ከሆነ አትግቢ፣ ሰው ጠብቂ። ከመሸ ጭራሽ አትሞክሪው። ጎንደር ላይ ደግሞ አሁን እየጠቆረ ነው። እዚህ የዘነበው በአንገረብ ወርዶ መገጭ ይገባል፣ እናንተ ጋ ሲደርስ ጨለማ ነው።

የአራዳዋ፦ አሁን ደወልኩላት። ጎታውን አስራለች። ግን አልወጣም ትላለች። «ቤቴን ለማን ትቼ» ነው የምትለው። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ርሷል አለችኝ፣ መደብ ላይ ቆማ ነው የምታወራኝ። ላሟም ከወለደች ሳምንቷ ነው፣ ጥጃው ውሃ ውስጥ መቆም አቅቶታል።

የደምቢያ ልጅ፦ ይኸውልሽ፣ የጥጃውን ነገር መጀመሪያ ብትነግሪን! እናትሽ የምትጠብቀው ጎታውን አይደለም። የእኔም እናት በ1998 እንደዚሁ ነበረች፤ የቀበሌ ሰው ለምኖ፣ ቄሱ ለምነው እምቢ አለች። አጎቴ ምንም ሳይናገር ገብቶ ጥጃውን ትከሻው ላይ አደረገና ወጣ። ላሟ ጥጃዋን ተከተለች፣ እናቴ ላሟን ተከተለች። እየተራገመች ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ደረሰች። ጥጃውን የሚሸከም አንድ ጎረምሳ ፈልጊ። ለጤፉ ጊዜ አለ።

ቀልደኛው፦ ይሄ ነው መልስ። ከምሁሩ ደለል ይልቅ አንድ ጥጃ።

አቶ ምሁር፦ ደለሉን የተናገርኩት ትክክል ነው። ለማንኛውም ግን አንድ የሚጠቅማት ነገር ልጨምር። ጣና ከፍታው ላይ የሚደርሰው በመስከረም ግድም ነው። አሁን ነሐሴ ነው። ውሃው ሁለት ቀን ጎደለ ብላ ቶሎ እንዳትመልሳት። የጭቃ ግድግዳም የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ውሃው ከሸሸ በኋላ ነው፣ መድረቅ ሲጀምር።

የደምቢያ ልጅ፦ ይቺኛዋ ልክ ናት። አንድ ነገር ልጨምር፣ ውሃው ሲሸሽ ከብቶቹን ከመልቀቋ በፊት የእንስሳት ጤና ባለሙያ የአባ ሰንጋ ክትባት ይስጥላት። ጎርፍ መሬቱን ሲገለብጠው ያ በሽታ ይነሳል።

የአራዳዋ፦ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ከአዘዞ ወጣን። ባትሪዬ 9 ፐርሰንት ነው። እዚያ ማን አለ? ሰው ካላችሁ ንገሩልኝ።

የደምቢያ ልጅ፦ የአክስቴ ልጅ ቆላ ድባ መናኸሪያ ይጠብቅሻል። ረጅም ነው፣ ቢጫ የዝናብ ልብስ ለብሷል። ጥጃ ለመሸከም ታስቦ የተፈጠረ ትከሻ ነው ያለው።

ነርሷ፦ የአራዳዋ፣ ደረስሽ?

ሹፌር ዘአዘዞ፦ እኔም ሞክሬ ነበር፣ ስልኳ ጥሪ አይቀበልም። ባትሪው ነው እንበል።

ነርሷ፦ ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። የደምቢያ ልጅ፣ የአክስትህ ልጅ ምን አለ?

የደምቢያ ልጅ፦ ማታ ደውሎ ነበር። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ የሰማሁት «ትከሻዬን» የሚለውን ብቻ ነው።

ፀሐይ ልጅ፦ ዛሬ ጎንደር ፀሐይ ወጥቷል። ጤፉን ታስጣው።