ኤሲው በጉዞ ላይ ይቀዘቅዛል፣ መኪናው ሲቆም ግን ሙቅ አየር ያወጣል፤ ምክንያቱ ምን ይሆን?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምነዳው በፈረንጆች አቆጣጠር የ2008 ሥሪት ቶዮታ ኮሮላ ሲሆን፣ በሥራዬ ምክንያት ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ እመላለሳለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ኤሲው ደህና ነው፤ አዋሽን አልፌ በረጅሙ ሜዳ ስነዳም እንከን የለበትም። ድሬዳዋ ከተማ ገብቼ ሰው ለመጠበቅ ስቆም ግን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚወጣው አየር ይሞቃል፤ መንዳት ስጀምር ደግሞ ቅዝቃዜው ይመለሳል። አንድ ጋራዥ «ጋዝ ቀንሷል» ብሎ ጨመረልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ብሶበታል። ሌላ ጋራዥ ደግሞ ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕሬሰር ስለሞተ መቀየር አለበት ይላል። ዋጋው ከባድ ስለሆነ ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት እኔው ራሴ ላረጋግጠው የምችለው ነገር ካለ እንድትነግሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ፣ ከድሬዳዋ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ከፊት ተሳፋሪው ፊት ካለው የዕቃ ማስቀመጫ ጀርባ ያለውን የካቢን ፊልትሮ፣ ማለትም ወደ ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣራውን፣ ይመልከቱ። በእኛ አቧራ ቶሎ ይደፈናል፤ የእኔን መኪና ያዳነው ፊልትሮውን መቀየር ብቻ ነበር።

መልስ፣ የመኪና ኤሲ ባለሙያ፣ ከአዳማ

ፊልትሮውን ማየት አይከፋም፤ ነገር ግን የተደፈነ ፊልትሮ የሚወጣውን አየር ያሳንሰዋል እንጂ መኪናው በቆመ ቁጥር አያሞቀውም። ኮምፕሬሰሩም ሙሉ በሙሉ ሞቶ ቢሆን ኖሮ በአዋሽ ሙቀት ውስጥ እየነዱ ባልቀዘቀዘልዎ ነበር። የእርስዎ ምልክት ይበልጥ የሚያመለክተው ከራዲያተሩ ፊት ያለውን ኮንደንሰር ነው። ኮንደንሰሩ ጋዙ ከመኪናው ውስጥ ይዞት የመጣውን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣ ክፍል ነው፤ ሲነዱ ንፋሱ ያቀዘቅዘዋል፣ ሲቆሙ ግን ያለው ተስፋ ቬንቲሌተሩ፣ ማለትም ማራገቢያው፣ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ የውጭው አየር ቀዝቃዛ ስለሆነ ቬንቲሌተሩ ቢደክምም ችግሩ ይሸፈናል።

ስለዚህ ሞተሩን በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረግጡ፣ እንደተዉ ኤሲውን ይክፈቱና ኮፈኑን አንስተው ቬንቲሌተሩ መነሳቱንና አጥብቆ መሽከርከሩን ይዩ። እጅዎን ግን አያስጠጉ፤ ሳይታሰብ ሊነሳ ይችላል። ቀጥሎ፣ አየሩ መሞቅ ሲጀምር፣ ኮንደንሰሩ ላይ ብቻ ንጹሕ ውኃ ቀስ ብለው ያፍስሱ። ውኃው እንደነካው የሚወጣው አየር ከቀዘቀዘ ጉዳዩ የንፋስ እጥረት ወይም የቆሸሸ ኮንደንሰር ነው። ውኃው ለውጥ ካላመጣና ቅዝቃዜው የሚመለሰው ነዳጅ ሲረግጡ ብቻ ከሆነ ግን ኮምፕሬሰሩ መድከሙን ወይም ጋዙ ማነሱን እጠረጥራለሁ።

ከዚያ በኋላ በሁለቱም የጋዝ መስመር፣ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ግፊት መስመር ላይ፣ የግፊት መለኪያ ያስገጥሙ። የውጭው ሙቀት ከ30 እስከ 35 ዲግሪ፣ የሞተሩ ዙር 1500 ሲሆን፣ የውስጡ ንፋስም በመጨረሻው ላይ ሲደረግ፣ በቶዮታዎች ላይ ዝቅተኛው መስመር ከ21 እስከ 36 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ)፣ ከፍተኛው ደግሞ ከ200 እስከ 230 ገደማ ሊያነብ ይገባል። ሁለቱም ከዚህ በላይ ከሆኑ ኮንደንሰሩ ንፋስ አጥቷል ወይም ጋዙ በዝቷል፤ ሁለቱም ከታች ከሆኑ ጋዝ አንሷል፤ ዝቅተኛው ከፍ ብሎ ከፍተኛው ከወረደ ግን ያን ጊዜ ኮምፕሬሰሩ ደክሟል ማለት ይቻላል። ያለ መለኪያ «ሞቷል» ለሚል ሰው ገንዘብዎን አይስጡ።

ጋዙ ከተጨመረ በኋላ መባሱም የሚያሳስብ ነው። ያለ ሚዛን የተጨመረ ጋዝ ከልክ ሲያልፍ ቅዝቃዜውን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ትክክለኛው መጠን በግራም ተጽፎ ብዙውን ጊዜ ኮፈኑ ሥር ተለጥፎ ይገኛል። ጋዙን ራስዎ አይፍቱ፤ ዓይንና ቆዳ ላይ ቢረጭ እንደ ውርጭ ያቃጥላል።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ። ቬንቲሌተሩ ይነሳል፤ ሆኖም የምላጮቹን ቅርጽ በዓይን መለየት እስኪቻል ድረስ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው። ውኃውን ኮንደንሰሩ ላይ ሳፈስ አየሩ ወዲያው ቀዘቀዘ። በመለኪያም ሁለቱም መስመሮች ከፍ ብለው ተገኙ፤ ከፍተኛው ከ300 በላይ ነበር። የቬንቲሌተሩን ሞተር ቀየርኩ፤ በኮንደንሰሩ ስስ ቅጠሎች መካከል የተጋገረው አቧራና ነፍሳትም ከኋላ ወደ ፊት በዝግታ በውኃ ታጠበ። አሁን አዲስ አበባ ላይ ጋዙ ወጥቶ በሚዛን ሊሞላ ነው፤ ይሁንና ከመሞላቱ በፊት በመስመሩ ውስጥ የቀረው አየር በፓምፕ ሲሳብ መለኪያው 22 ኢንች ላይ ቆመ። መካኒኩ 29 ካልደረሰ የሚያፈስ ቦታ አለ ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፣ የመኪና ኤሲ ባለሙያ፣ ከአዳማ

መርፌው 29 የሚደርሰው በባሕር ወለል አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ራሱ ያነሰ ነው፤ ፓምፑ ፍጹም ጤነኛ ቢሆንም መለኪያው ከ22 ወይም ከ23 ኢንች (የሜርኩሪ) ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ዋናው መርፌው የደረሰበት ቁጥር ሳይሆን መቆየቱ ነው። ፓምፑ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሥራ፤ ከዚያ ቧንቧዎቹ ተዘግተው ፓምፑ ይጥፋና መርፌው ይታይ። ንቅንቅ ካላለ አር-134ኤ የተባለው የኤሲ ጋዝ በተለጠፈው መጠን ይሞላ። ከተመለሰ በናይትሮጅን ግፊትና በሳሙና አረፋ የሚያፈስበት ቦታ ይፈለግ፤ ቦታው ሳይገኝ እንዳይሞላ። የመጨረሻውን ፍተሻ ግን ድሬዳዋ ደርሰው፣ በቀትር፣ መኪናውን አቁመው ያድርጉት።