ምርጥ ምድጃ ጭሱን ወደ ፊት ይመልሳል፤ እንጀራውም መሃሉ ያርራል፣ ዳሩ አይበስልም

ጥያቄ (እናት ጓዳ)፦
ባለ 60 ሳንቲሜትር ምጣድ የተጣደበት «ምርጥ» የሚባለው እንጨት ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ አለን። በፊት ጥሩ ነበር፤ አሁን ግን ጭሱ በኋላ በኩል መውጣቱን ትቶ በእንጨት ማስገቢያው ይመለሳል። እንጀራው መሃሉ እያረረ ዳር ዳሩ ዓይን አያወጣም። እንጨቱ ክረምቱን ደጅ የከረመ የባሕር ዛፍ ፍልጥ ነው። ምድጃው ተበላሽቶ ነው ወይስ አጠቃቀማችን?

ጭስ ጠል፦
እህቴ፣ መጀመሪያ አመዱን እዪ። አመድ ሲከመር እሳቱ መተንፈሻ ያጣል፣ ጭሱም ባገኘው ክፍተት ወደ ፊት ይወጣል። ከመጋገርሽ በፊት ሁልጊዜ ጥረጊና አንድ ጣት ውፍረት ያህል ብቻ ተዪ፤ እሷ ሙቀቱ ወደ መሬት እንዳይሰርግ ትረዳለች። ቀጥሎ ከኋላ ያለውን የድስት ማስቀመጫ አንሺ። ከምጣዱ ሥር ጭሱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ጥላሸት ይዘጋዋል፤ ምድጃው ሲበርድ በዱላ ጫፍ ጨርቅ አስረሽ ጥረጊው። ድስት ስትጥጂም ከሥሩ ጭስ የሚወጣበት ክፍተት ይኑር። ግጥም አድርጎ ከደፈነው ዛሬ ያልሽው ችግር ነገም ይመለሳል።

ፈላጭ፦
ክረምቱን ደጅ የከረመ ፍልጥ አይነድም፣ ይቀቀላል። ሲነድ ጫፉ ላይ አረፋ እያወጣ ከተንጨረጨረ እርጥብ ነው። ሁለት ፍልጥ አጋጪ፦ ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ እርጥቡ ድፍን ነው። ከሁለት አውራ ጣት ያልበለጠ ውፍረት ያለው አድርጊው፣ ጣሪያ ሥር መስቀል እያደረግሽ ከምሪው። ማስገቢያውን እስከ ግማሹ ብቻ ሙዪ፤ የላይኛው ግማሽ የአየር ነው።

የሸክላ ቤት፦
ለዳሩ አለመብሰል ግን እንጨቱ ብቻ አይደለም ጥፋቱ። ምጣዱ ከምድጃው ከንፈር ጋር ክፍተት ካለው ቀዝቃዛ አየር በዚያ ይገባና ዳሩን ያበርዳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ እሳቱ ሲነድ የሻማ ነበልባል በዙሪያው አዙሪ፤ ወደ ውስጥ የተሳበበት ቦታ ክፍት ነው። የምድጃው ክብ አካል የተገጠመባቸው አራት ቁራጮች የሚጋጠሙበትንም እንዲሁ ፈትሺ። እንጨቱን መሃል ላይ ከመከመር ይልቅ በትነሽ አስገቢ፣ ፍሙንም በየመሃሉ ወደ ዳር ግፊው። ምጣዱ ዘንበል ካለም ሊጡ በአንድ ወገን ስለሚወፍር ውሃ ጠብ አድርገሽ ሚዛኑን እዪ።

መንገደኛ፦
ክፍተቱን በሲሚንቶ ድፈኚው፣ አይነቃነቅም።

የሸክላ ቤት፦
ሲሚንቶ አይሁን ወንድሜ። ሸክላው ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲሚንቶው አጥብቆ ከያዘው ምጣዱ ይሰነጠቃል፤ ሲሰበርም ነቅሎ መቀየር ያስቸግራል። የሸክላ አፈር ከተነፋ አመድና ከደቀቀ ጭድ ጋር ወፍራም ጭቃ አድርጋ ትለስነው። ጥላ ላይ ይድረቅ፣ ከዚያ በጭራሮ አነስተኛ እሳት ታሙቀው። ስንጥቅ ካሳየ በቀጭን ጭቃ ደግሞ ማለስለስ ነው።