እ.ኤ.አ. የ1932ቱ የመርከብ ፊልም ሰብታይትል እየዘገየብኝ ተቸግሬያለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። «ዋን ዌይ ፓሴጅ» የተባለውን ፊልም ለጓደኞቼ ላሳይ አስቤ ሰብታይትሉ (ንግግሩን ከሥር በጽሑፍ የሚያሳየው) አስቸገረኝ።

ለማታውቁት፦ ታሪኩ ከሆንግ ኮንግ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ በሚሄድ መርከብ ላይ ነው። ተዋናዩ ዊልያም ፓወል የሚጫወተው ሞት የተፈረደበት ሰው ሆኖ ነው፤ ፖሊስ ይዞት እየተመለሰ ነው። ተዋናይቷ ኬይ ፍራንሲስ ደግሞ በሽታ ሊገድላት የደረሰ ሴት ሆና ትጫወታለች። ይዋደዳሉ፤ ሁለቱም ግን ጉዳቸውን ደብቀዋል። መጠጥ በጠጡ ቁጥር ብርጭቆዎቹን ሰብረው እግሮቻቸውን አመሳቅለው ያስቀምጣሉ። እኔ እንዲህ አንጀት የሚበላ የወንጀል ፊልም አላየሁም።

ችግሬ ይኸውላችሁ። መጀመሪያ ላይ ጽሑፉ ከንግግሩ እኩል ይሄዳል። ቀስ በቀስ ግን ይዘገያል። ሆኖሉሉ ሲደርሱ ሰውየው ተናግሮ ዝም ካለ በኋላ ነው የሚመጣው። መጨረሻውማ ጭራሽ ተበላሽቷል፤ ዝም ተብሎ መታየት ያለበት ቦታ ላይ ያለፈ ንግግር ይለጠፋል። ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ላይ ብነካካውም መጨረሻው ሲስተካከል መጀመሪያው ይዛባል።

ቪዲዮው በሴኮንድ 25 ፍሬም (ምስል) ነው የሚያሳየው። ጽሑፉ ግን በሴኮንድ 23.976 ፍሬም ለሚያሳይ ቅጂ የተሠራ ይመስለኛል። ሙሉውን ፋይል ባንዴ የሚያስተካክል ነፃ ፕሮግራም የምታውቁ፣ እባካችሁ አሠራሩን ደረጃ በደረጃ ንገሩኝ። ለዚሁ ቅጂ የሚሆን ሰብታይትል ያላችሁም ጠቁሙኝ። እ.ኤ.አ. በ1940 እንደገና የተሠራውን ፊልም ግን አይደለም የምፈልገው።